ትልቁን ካርድ ይችል ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 2008፣ ዘመሮ ከተማ

ዛሬም ኮምፒውተሩ ጠፋ። የኳስ ጌሙ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እንደደረሰ ድርግም! አምፖሉ እንደበራ ነው፤ ስለዚህ በመብራት ማላከክ አልቻልኩም። ተጫዋቾቹ ሳቁ። ወንድሜ ጌጡ ግን አልሳቀም። «ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ይሻለናል ብዬሽ አልነበር?» አለኝ፣ ሰው ፊት።

ብሎኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጌም ቤቱን ስንከፍት ይህን አንድ ጠንካራ ማሽን አዲስ ያስገጣጠምነው በእኔ ሙግት ነው። አዳዲስ ጌም ሲመጣ ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ብቻ እንቀይራለን፣ ሌላው ለዓመታት ያገለግለናል ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአክስታችን ልጅ ዳዊት ሲገጥምልን «የሚመጣውን ካርድ ሁሉ ይሸከማል» ብሎኛል። አሁን ያለችውን ትንሿን ካርድ ካልቻለ የሚመጣውን በምን ጉልበቱ ይችላል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ኔትወርክ ፍለጋ እስከ ዳገቱ ወጥቼ ዳዊት ጋ ደወልኩ። ንፋሱ ጆሮ ይገነጥላል። «ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ሆኖ ይሆናል» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ! ለሚካኤል ሲመጣ የራሱን ትልቅ ካርድ ነቅሎ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ሳቀብኝ፣ ግን እሺ አለ።

ጌጡ ይህን ሲሰማ እንዋዋል አለ። በትልቁ ካርድ አንድ ሙሉ ጨዋታ ካልዘለቀ ዳዊት ማሽኑን ይዞት ይመለሳል፤ በምትኩ ሁለት አሮጌ ይልክልናል። እልህ ያዘኝና «ይሁን!» አልኩ። ካልኩ በኋላ ግን ብዕር አነሳሁ።

ማየት ያለብኝ፦ ካርዱ በርዝመቱ የማሽኑ ሣጥን፣ ኬዙ ውስጥ ይገባል? ተጨማሪ የኃይል መሰኪያ አለ? ፓወር ሰፕላዩስ?

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ጌጡ ሳይመጣ ኬዙን ከፈትኩ። ዳዊት በስልክ የነገረኝን የትልቁን ካርድ ርዝመት በክር ለክቼ ውስጡ ዘረጋሁት። አልበቃም! የሃርድ ዲስኩ መደርደሪያ መንገድ ላይ ተገትሯል። ክው አልኩ። ቆይቼ ሳየው መደርደሪያው በብሎን ነው የታሰረው። ፈታሁት፣ ወጣ። ሃርድ ዲስኩን ወደ ላይ አዛወርኩት። አሁን ይገባል፤ እንዲያውም ሁለት ጣት ይተርፋል።

መሰኪያውም አለ። ከትርፍ ገመዶቹ ጋር ተጠቅልሎ ተወሽቆ ነበር። እሰይ!

የቀረኝ ፓወር ሰፕላዩ ነው። እሱን ደግሞ በክር አይለኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ። አቧራውን ልጠርግ ማሽኑን በጎኑ ባጋድመው፣ ሆዱ ላይ የበግ ጠጉር ተለጥፏል። ለካ ፓወር ሰፕላዩ ከታች ነው፤ አየር የሚስበውም በሥሩ ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ አጎዛ!

ማሽኑ የገባ ዕለት እማዬ «ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ እንዴት ባዶ መደብ ላይ ይቀመጣል? ይበርደዋል እኮ!» ብላ ምርጡን አጎዛዋን አነጠፈችለት፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጋ። እኔም ደስ ብሎኝ አስቀመጥኩት። እንግዳውን አፍንጫውን ይዘን ለምን ደከመ ስንል ከረምን።

«እማዬ፣ በሥሩ እኮ ነው የሚተነፍሰው» አልኳት፣ እንዳይከፋት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አማተበች። «ታዲያ ምነው አትነግሪኝም! አፍነን ልንገድለው?» ብላ ራሷ ሁለት የጽድ ጣውላ አምጥታ ከግራና ከቀኝ ደገፈችው፤ መሐሉ ክፍት ሆነ። አጎዛው ለተጫዋቾቹ መቀመጫ ተዛወረ።

ጠጉሩን በጥርስ ብሩሽ ለቀምኩት። ከሰዓት በትንሿ ካርድ አልጠፋም። ለጌጡ አልነገርኩትም። ሙቀቱ አስቀድሞ ጎድቶት ከሆነስ? ዛሬ ፎክሬ ነገ መሳቂያ ከምሆን ዝም ይሻላል።

እሑድ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ታቦቱ ገብቶ ሰዉ ሲበተን ዳዊት ካርዱን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ገጠምኩት። ጌጡ ደግሞ የማሽኑን ካርቶን አውጥቶ በር ላይ ገትሮታል፣ ምቀኛ!

ጌጡና ዳዊት መጫወት ጀመሩ። ስክሪኑ እንዴት እንዳማረ ሁሉም ይንጫጫል፤ እኔ ጀርባውን ይዤ የማዳምጠው ፋኑን ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ፋኑ ጮኸ፣ የሚወጣው አየር እጄን አሞቀው። «በስመ አብ» አልኩ። አለቀ። አልጠፋም! ጌጡ ተሸንፎ ስለነበር «ድገመኝ» አለ። ደገሙት። ሠለሱት።

ዳዊትን በር ላይ ይዤ ጠየቅሁት፦ «የሚመጣውንስ?»

«ይሄን ችሏል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ እኔም አላውቅም። ቦታው አለ፣ መሰኪያው አለ። ፓወሩ ካነሰ እሱን ብቻ ትቀይሪያለሽ» አለኝ። ሁሉን ይሸከማል ያለው ሰውዬ! ግን ይሄኛውን መልስ ወደድኩት። አምኜው የምሠራበት ነው።

ካርዱን ነቅሎ ሄደ። ትንሿን መልሼ እያሰርኩ ሳለ ጌጡ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ፤ ብሎኑን አቀበለኝ። «ለፋሲካ ትልቁን ካርድ እንግዛ እንዴ?» አለኝ።

እንግዛ አለ። እንባዬን እንዳያይብኝ ጓዳ ገባሁ።