በሰባት ቁጥር መንገድ ስላለፉት አራት ሺህ ብስክሌተኞች

ለክቡር ዶክተር ኤርማኖ ስካርዲኖ
የክፍለ ሀገሩ ጸጥ ያሉ የብስክሌት መንገዶች ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ያለው የአየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ማቀዝቀዣውን ያነሳሁት ባለፈው ሐምሌ በመጣሁ ጊዜ ከሁላችሁም በላይ እሱ ሲደክም ስላየሁ ነው። ሳቪኖ ላፔና እባላለሁ፤ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሮካሶርዳ መንደር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሲጠፋ ሱቄን ዘግቼ እኔ በብስክሌቴ ወደ ሰዎቹ መሄድ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ምላጬን፣ መቀሴንና ፎጣዬን ከኋላ ባለች ሣጥን አድርጌ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከመንደሩ እስከ ወንዙ ድልድይ ባለው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ በየእርሻው የቀሩትን ሽማግሌዎች እላጫለሁ። ይህንን መንገድ እርስዎ በታላቅ ደግነት «ጸጥ ያለ መንገድ ቁጥር ሰባት» ብለው ሰይመውታል። ቀድሞ ስም አልነበረውም፤ መንገድ ብቻ ነበር።

ቢሮ ነገርን በቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቆጣሪው። የዛሬ ሁለት ዓመት በመጋቢት ሠራተኞችዎ መጥተው የአስፋልቱን ጠርዝ ሰማያዊ ቀቡልን፤ ከኦሮንዞ እርሻ በታች ባለው መታጠፊያ ላይም የሚያልፈውን ብስክሌት የሚቆጥር አንድ ጥቁር የጎማ ገመድ በመንገዱ አግድም ዘረጉ። ኦሮንዞ ማለት አርባ በጎችና ፊሎሜና የምትባል ሚስት ያለው የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬና በዚህ አገር የቀረኝ ወዳጄ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ «አባባ፣ እስቲ አንዴ ይለፉበት፤ መሥራቱን እንየው» ሲለኝ አለፍኩበት። «ይኸው ተቆጠሩ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መንግሥት እኔን ቆጥሮ ሲደሰት ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ደስ አለኝ።

ዕለቱን ኦሮንዞን አረፋ ቀብቼው ሳለ ነገሩን አወጋሁት።

«ብዙ ሰው ካለፈበት ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

«መንገዱን ይጠግኑታል መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፤ እለፍበታ። ያ ድልድዩ ጋ ያለው ጉድጓድ አንድ ቀን በጌን ይውጥብኛል።»

«አርጅቻለሁ እኮ።»

«ሲወርዱ ቁልቁለት ነው፣ አንተ ሰነፍ። ስትመለስ ገፍተህ ውጣ።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የሁለት ሽማግሌዎች ሞኝነት ይህ ነበር። ሥራ በወጣሁ ቀን ሁሉ በገመዱ ላይ አሥር ጊዜ ወዲያ፣ አሥር ጊዜ ወዲህ እመላለስ ጀመር። ፊሎሜና በመስኮት ብቅ እያለች «ውድድሩን ማን እየመራ ነው?» ትለኝ ነበር። «እኔ» እላታለሁ። «የመጨረሻውስ ማነው?» ትለኛለች።

፪ኛ. ስለ ምስጋናዎ። ገመዱ በተዘረጋ በዓመቱ ባሳተሙት መጽሔት በቁጥር ሰባት መንገድ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብስክሌተኞች ማለፋቸውን በኩራት ገልጸዋል፤ ለዚህም ከዋና ከተማው ሽልማት እንደተቀበሉ አንብቤ ከልብ እንኳን ደስ አለዎት ብያለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ሃያ ያህሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የቀሩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ግን «የገጠሩን የተፈጥሮ ገጽታ ለመጠበቅ ሲባል» እንደነበረ ቀረ። በምትኩ ይህን ያህል ብስክሌተኛ ለአደጋ እንዳይጋለጥ በማሰብ መንገዱን ለሞተር ተሽከርካሪ ከልክለው፣ በሁለቱም ጫፍ ሰው የሚያህል የሲሚንቶ ድንጋይ አስተክለዋል። ስለ ደኅንነቴ ይህን ያህል በመጨነቅዎ እጅግ አመሰግናለሁ። በዚያ መንገድ በሳምንት ብቅ ይሉ የነበሩት ባለ ሞተሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የዳቦ መኪና፣ ሌላው የውሃ ቦቴ። አሁን ከሁለቱም አድነውኛል።

፫ኛ. ስለ መስተንግዶዎ። የነኦሮንዞ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ከሰኔ በኋላ ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያኖራቸው ቦቴው ነበር። የቦቴው ሹፌር ሲሚንቶውን አይቶ «ዘልዬው አልገባ ነገር» ብሎ በተመለሰ ማግስት፣ እስከ ዋናው መንገድ በብስክሌቴ ሄጄ፣ ከዚያ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ጥፋቴን ልናዘዝ ቢሮዎ መጣሁ። በር ላይ ያለችው ጸሐፊዎ ጨዋ ልጅ ናት፤ አስቀመጠችኝ።

«እነዚህ ብስክሌተኞች እኔ ነኝ» አልኳት።

«ከእነሱ አንዱ ነዎት ማለት ነው?»

«ኧረ ሁሉም።»

ኮምፒዩተሯን አየት አደረገች። «አባባ፣ እዚህ የሚያሳየኝ ቁጥር ነው፤ ስም አይልም።»

«ስሙን ይኸው እኔ እየነገርኩሽ።»

«እሺ፣ ግን አንድ ሰው አራት ሺህ ጊዜ ምን ሊያደርግ ይመላለሳል?»

«ጉድጓድ እንዲደፈንለት።»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለኝም» አለችኝ። እንዳዘነችልኝ ገብቶኛል። በዚህ መካከል እርስዎ ብቅ ብለው እጄን ጨብጠው «እንዴት ትሑት ሰው ነዎት፤ የሚያስፈልጉን እንደ እርስዎ ያሉ ናቸው» አሉኝ። ስለ ውሃው ባነሳሁ ጊዜ፣ ነዋሪዎቹ ቦቴውን ለማስገባት ለልዩ ፈቃድ ማመልከት እንደሚችሉና በዘጠና የሥራ ቀን መልስ እንደሚያገኙ አስረድተው፣ የመንገዱ ቁጥር የተጻፈበት ቆብ ሸለሙኝ። ማመልከቻውን በዚያው ቀን ሞላሁ። ቆቡ ልክ ሆኖኛል።

፬ኛ. ስለ ውሃው። ዘጠናውን የሥራ ቀን ስንጠብቅ ሁለት ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን በብስክሌቴ ግራና ቀኝ እያሰርኩ ጠዋትና ከሰዓት አመላልስ ነበር፤ በድምሩ አርባ ሊትር፣ ለሁለት ሰውና ለአርባ በግ። በነሐሴ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በግ ያላረባ ሰው እንዲያውቅ አይጠበቅም። በዚያ ሰሞን ፊታቸው እንደ በርበሬ የቀላ የሆላንድ ባልና ሚስት ባዶ ኮዳቸውን ይዘው ከነፊሎሜና ደጃፍ ደረሱ። ፊሎሜና ከጠዋቱ ጀሪካን ሁለቱንም ኮዳ ሞላችላቸው። ሴቲቱ ሸለቆውን እያየች፣ በተሰባበረ ቋንቋችን፣ «እዚህ እንዴት ጸጥ ያለ ነው» አለች።

«አዎ ልጄ» አለቻት ፊሎሜና። «ትንሽ ብትቆዪ ከዚህም የባሰ ጸጥ ይላል።»

ሴትዮዋ ስላልገባት ፈገግ ብላ አመሰገነች። በሳምንቱ በጎቹ ተሸጡ። የነጋዴው መኪና መግባት ስላልቻለ ኦሮንዞ ራሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነድቷቸው ሲሚንቶው ጋ አስረከበ። ሲመለስ የበረቱን በር እንደ ወትሮው ዘጋው፤ ከዚያ ተመልሶ ከፈተው።

በመስከረም ልጃቸው ሊወስዳቸው ከቱሪን ከተማ መጣ። መኪናውን ከሲሚንቶው ወዲያ አቁሞ በእግሩ ነው የደረሰው። ኦሮንዞ «ሳልላጭ አልሄድም» ስላለ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተን አስቀመጥነው።

«ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እለፍበት ብዬ» አለኝ በመላጨቱ መካከል።

«ያለፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ዝም ብለህ ላጭ። ጆሮዬን ትቆርጠዋለህ።»

ስጨርስ አገጩን ዳብሶ «እዚህ ጋ ትተሃል» አለኝ፤ ትቼ ነበር። ጉልበቱ ስለማያደርሰው ብስክሌቴ ላይ አስቀምጠን፣ እኔ በአንድ ወገን፣ ልጁ በሌላው ወገን ይዘን ገፋነው። ፊሎሜና ሁለት ድስትና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ከኋላ መጣች፤ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም። ገመዱንም በዚያው አለፍነው፤ ስለዚህ በመዝገብዎ ኦሮንዞም ብስክሌተኛ ሆኖ ገብቷል። የልዩ ፈቃዱ መልስ በኅዳር ደረሰ፤ ተፈቅዷል።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። በመንገዱ ላይ አሁን የቀረኝ ደንበኛ ካታልዶ ብቻ ነው። ጆሮው አይሰማም፤ ከገና በኋላ የአረጋውያን ቤት ይገባል። ሲሚንቶውን አንሱልን ብዬ አልጠይቅዎትም፤ ቢነሳም የሚገባ የለም። ማለት የምፈልገው አንድ የምስጋና ቃል ነው። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሹማምንት ሐኪም እንልካለን፣ ትምህርት ቤቱን አንዘጋም፣ አውቶቡሱን እንመልሳለን ብለው ማሉልን፤ አንዱም አልሆነም። እርስዎ ግን ጸጥታ ብለው ቃል ገቡ፤ ጸጥታም ሆነ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ቃሉን የፈጸመ ሹም ሳይ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

መንገዶችዎ ሁሉ እንደ ሰባት ቁጥር እንዲቃኑልዎ፣ ሽልማትዎ እንዲበዛልዎ፣ እርጅናዎም ቦቴ በሚገባበት ሰፈር እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት ቆቤን አነሳለሁ፤ ቆቡ የሰጡኝ ነው።

ትሑት አገልጋይዎ
ሳቪኖ ላፔና
ፀጉር አስተካካይ፣ ሮካሶርዳ

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው መጽሔትዎ አንድ የአካባቢው ገበሬ በቤቱ ደጃፍ ከበጉ ጋር ቆሞ ፎቶ እንዲነሳ ያመቻቹልን ሲሉ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የኦሮንዞን የቱሪን አድራሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ይሠራል። ፊሎሜናን በስልክ ጠይቄያት ነበር፤ በረንዳዋ ጠባብ ብትሆንም ትንሽ በግ ታስቆማለች ብላኛለች። በጉን ግን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ።