ቃሬዛውን ያስቆምኩበት ስቅለት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኤውላሊያ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ ይንቋቋል ያልሽኝ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽ ሬምበርቶስ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ አማትሽስ? የሞንቴሬይ ሙቀት ዘንድሮም እንዳምናው አንገላታችሁ ወይስ ምሕረት አደረገላችሁ? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ከበዓሉ የተረፈውን በስኳር የተቀቀለ ሽምብራ ደብቃ ብቻዋን ትበላለች፣ ከዚህ በላይ ጤና የለም።

እትዬ፣ ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት አንድ ጉዴን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ወሬ የማያመልጣት ጎረቤታችን ዶኛ ኦቲሊያ በስልክ ሳትቀድመኝ ከእኔው አፍ ብትሰሚው ይሻላል። በስቅለት ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ የጌታችንን ምስል የያዘውን ቃሬዛ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። አዎ፣ እኔው እህትሽ። ሰማንያ ሰው በትከሻው ተሸክሞት፣ ማርሽ ባንዱ ከኋላ እየነፋ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ «እባካችሁ በጎን በኩል እለፉ» አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ሰልፉ እንዲያልፍበት መንገድ ላይ በባለቀለም ሰጋቱራ የሚሠራው ምንጣፍ ሲረገጥ እያየሁ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ምን እንደነካኝ ከሥሩ ልንገርሽ።

ዘንድሮ ከሦስት ትምህርት ቤት የተመረጡ፣ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ዘጠኝ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳስተምር ተሰጥተውኛል። እነዚህ ልጆች አንዴ የነገርሻቸውን ይይዙና ከዚያ በኋላ መስኮት መስኮቱን ነው የሚያዩት። ሌላ መልመጃ ስትጨምሪላቸው ያንንም ጨርሰው ወደ መስኮቱ ይመለሳሉ። ስለዚህ መልመጃ ማብዛቱን ትቼ አንድ ቃል ብቻ ሰጠኋቸው፤ ለውጥ የሚል። ከሥሩም «ለውጥ አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ይወስዳል» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ነገር በሳይንሱም፣ በታሪኩም፣ በሒሳቡም እውነት መሆኑን ፈትኑት፣ ውሸት ሆኖ ካገኛችሁትም አምጡልኝ አልኳቸው።

ምን ልበልሽ፣ ክፍሉ ንብ የገባበት መሰለ። አንዱ እሳተ ገሞራው የአያቱን ማሳ ካቃጠለ በኋላ በቆሎው በዚያው አመድ ላይ እንዴት እንዳማረበት ይዞ መጣ። ሌላዋ ከተማው ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ለምን ከታችኛው ሸለቆ ተነሥቶ እዚህ እንደ ሰፈረ ለማወቅ ቄሱን ለምና አሮጌ መዝገብ አስገለጠች። የካሬን ጎን እጥፍ ስናደርገው ስፋቱ አራት እጥፍ ሲሆንማ «ታዲያ እዚህ ላይ የተወሰደው ምንድን ነው?» ብለው ግማሽ ቀን ተከራከሩኝ። መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር፤ ደስታዬ ደግሞ እሱ ነበር።

ከዘጠኙ አንዷ ኒኮላሳ ናት፣ የዶን ኢላሪዮ የልጅ ልጅ። ዶን ኢላሪዮን መቼም አትረሻቸውም፤ የመንገዳችን የምንጣፍ አለቃ፣ በወፍና በአበባ ቅርጽ የተቀደዱትን፣ ባለቀለሙ ሰጋቱራ የሚነሰነስባቸውን ሳንቃዎች እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ሽማግሌ። ኒኮላሳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አፏ ቁጥብ፣ ደብተሯ ግን ጢም ያለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ዶን ኢላሪዮ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ክፍል ገቡና፣ ልጆቹ አስተማሪያቸውን እንደሚጠሩት፣ «ሴኞ ብሪሂዳ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት ብላችሁ ወሰዳችኋት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል? ፍየሌ እንኳ በሦስት ሳምንት ስሟን ታውቃለች» አሉኝ። የጎረቤታቸው ልጅ በሒሳብ ውድድር ሜዳሊያ አምጥቷል፣ የእሳቸዋ ግን ቤት ገብታ ስለ አባጨጓሬ ታወራለች። እስከ ስቅለት እንደሚታገሡኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር ሳንቃ እንደምትቀድ፣ እሱ ቢያንስ ሙያ እንደሆነ ነግረውኝ ወጡ።

እትዬ፣ ያቺን ልጅ ካጣሁ ክፍሉ ጨው የሌለው ወጥ ይሆንብኛል። ተከትያቸው ሄድኩና በስቅለት ዕለት ከደጃፋቸው ፊት ያለውን ምንጣፍ ልጆቼ በእሳቸው ሳንቃ እንዲሠሩት ለመንኳቸው። ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ «ሳንቃዬን የሰበረ ግን ወዮለት» ብለው ፈቀዱ።

ከማለዳ ጀምረን ነፋስ እንዳይወስደው ሰጋቱራውን እያረጠብን ሠራን። ንድፉ የኒኮላሳ ነው። በአንዱ ጫፍ አባጨጓሬ፣ በሌላው ቢራቢሮ፣ መሐሉ ላይ እሳተ ገሞራው፤ በየመካከሉ ደግሞ ያው የዶን ኢላሪዮ ወፍ፣ በየረድፉ ቀለሟን እየቀየረች። ስምንት ሰዓት ላይ ስንጨርስ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። እንዲያዩልኝ የፈለግሁት ሰውዬ ግን የሉም። የተሸካሚዎቹን ሐምራዊ ቀሚስ ለብሰው በጠዋት ወደ ሰልፉ ሄደዋል፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙበት ተራቸው የገዛ መንገዳችን ላይ ነበር። ምንጣፉን ሳያዩት ሊረገጥ ሆነ፤ ያኔ ነው ቃሬዛው ፊት ዘልዬ የቆምኩት።

ዶኛ ኦቲሊያ ከመስኮቷ «ኧረ ሴኞ፣ ጌታንም ፈቃድ አስወጪው እንጂ» አለች፤ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ከቃሬዛው ሥር፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ ላብ ያጠመቃቸው ዶን ኢላሪዮ ብቅ አሉና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ላባ አይደለም። ወይ ተሸከሚ፣ ወይ ዞር በይ» አሉኝ። ይኼኔ ኒኮላሳ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «ሴኞ፣ ካልተረገጠ እኮ ተራ ሰጋቱራ ነው። ለውጥ ለውጥ ሲሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዞር አልኩ። ሰማንያው ሰው አለፈ፤ አባጨጓሬውም ቢራቢሮውም አንድ ላይ ተደባለቁ፣ ባንዱ አለፈበት፣ ከኋላ ጠራጊዎቹ አካፋቸውን ይዘው መጡ።

ዶን ኢላሪዮ ማዕዘኑ ላይ ትከሻቸውን ለተረኛው አስረክበው ሲመለሱ፣ ኒኮላሳ በአንድ እጇ የተደባለቀ ሰጋቱራ፣ በሌላው የወፏን ሳንቃ ይዛ ጠበቀቻቸው። «አባባ፣ ሴኞ የጻፉት ነገር ይጎድለዋል» አለች፣ እኔው ፊት። «ምንጣፉ በየዓመቱ ይጠፋል፤ ሳንቃው ግን የእርስዎ አባት የቀደዱት፣ ያው ነው። እሱ ባይኖር የዘንድሮው ከአምናው መለየቱን በምን እናውቅ ነበር? ለውጥን የምናየው የማይለወጥ ነገር አጠገቡ ሲኖር ነው» ብላ ሳንቃውን ዘረጋችላቸው። እትዬ፣ ይህን እኔ አላስተማርኳትም፤ እኔም ራሴ አስቤው አላውቅም። ሽማግሌው ሳንቃውን ተቀብለው ገና ዛሬ እንዳዩት ሁሉ አገላበጡት። ከዚያ «ሂጂ እግርሽን ታጠቢ፣ ቀለም በቀለም ሆነሻል» ብለዋት ገቡ።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። ትናንት ቅዳሜ ስምንቱ ልጆች መጡ፤ የኒኮላሳ ወንበር ባዶ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጠመኔ አነሣሁ። በሩ ተንኳኳ። ዶን ኢላሪዮ ሳንቃዎቻቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ባርኔጣቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ፤ ኒኮላሳ ከኋላቸው አለች። «የዘገየነው ሳንቃው ከብዶኝ ነው» አሉና፣ ኋላ ካለችው ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ተቀመጡ። «የዛሬው ቃል ምንድን ነው?» አሉኝ። ኃይል ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ኃይል ያለው ሰው ደንብ ያወጣል» አልኩ። ዶን ኢላሪዮ ሰሌዳውን አነበቡና እንደ ልጆቹ እጃቸውን አወጡ። «ይሄ ውሸት ነው፤ ምስክሬ ደግሞ ከንቲባው ነው» አሉ።

የሰልፉን መንገድ ለመቀየር ፈልጎ ከእሳቸው ጋር የተጣላውንና ሳይሳካለት የቀረውን ከንቲባችንን ማለታቸው ነው። በመጪው ቅዳሜ እጁን ይዘው ሊያመጡት ምለዋል። የትኛቸው ጠመኔውን ይዞ እንደ ቀረ በዚያው ዕለት እጽፍልሻለሁ፤ ለዶኛ ኦቲሊያ ስልክ እንዳታነሺላት።

ሬምበርቶን በጣም ሰላም በይልኝ። ቶማሲታን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ፋቢያኖን ደግሞ የላከው ሥዕል ክፍሌ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ንገሪው። ለአማትሽ ለዶኛ ክሌሜንሲያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እማዬም ሽምብራዋን እያላመጠች ትስምሻለች።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ብሪሂዳ

ሳን ክሪሳንቶ፣ ጓቴማላ
እሑድ፣ አፕሪል 23 ቀን 2017