ለአሥራ ሁለት ጉብኝት አስቀድሞ የፈረመ አጎት ለአቶ ጥሩሰው

ለተከበሩ አቶ ጥሩሰው፣
የቤት ለቤት የነርስ አገልግሎት ድርጅት ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣
ቦንጋ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ልብዎ ሳይዛነፍ እንደሚመታ፣ እንቅልፍዎ እንደማይቆራረጥ፣ የበሉትም እንደሚስማማዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በድርጅትዎ ክትትል ሥር ለመግባት ሰው አስቀድሞ ሙሉ ጤነኛ መሆን እንዳለበት በቤተሰባችን ደርሶ አይተነዋልና። የድርጅትዎን ስም እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ሰሌዳው ከመናኸሪያው ጀምሮ ስለሚነበብ፣ እኔ በትንሽ ፊደል ብደግመው ማሳነስ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው።

እኔ ጉግሳ እባላለሁ፤ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ማሸጊያ ወረቀትና ከአንድ መዝገበ ቃላት ለቃቅሜያለሁ፤ የመዝገበ ቃላቱ ግማሽ ስለተገነጠለ አንዳንዱን ቃል በግምት እጽፋለሁና ስህተት ቢያገኙ እንደ ሥራዎ አይተው ይለፉኝ።

ዛሬ ልጽፍልዎ የደፈርኩት ስለ አንዲት እስክሪብቶ ነው። ሰማያዊ ናት፤ ጫፏ ተነክሷል፤ የነከስኳትም እኔ ነኝ። ነርስዎ ሲስተር ሳምሪ መጀመሪያ ቤታችን የመጡ ዕለት ቅጽ ሊያስፈርሙኝ ተውሰውኝ በዚያው ወደ ቦርሳቸው ገባች። የሰው እጅ ይሳሳታልና አልተቀየምኩም። ሆኖም ያቺ እስክሪብቶ ከመሄዷ በፊት ምን እንደሠራች ባሰብኩ ቁጥር ነገሩ ከእስክሪብቶ እየገዘፈ ስላስቸገረኝ፣ ቢሮ ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቼ በተራ ቁጥር ልዘረዝርልዎ ተነሣሁ።

ከቁጥሩ በፊት ግን በሽተኛዋን ላስታውስዎ፤ ብዙ በሽተኛ ስላለብዎ ተምታታብዎ ይሆናል። የእህቴ የላቀች ልጅ ሠናይት ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያስቸግራት የኖረውን የልብ ቫልቭ አዲስ አበባ ላይ ደረቷን ከፍተው በሰው ሠራሽ ቀየሩላት። አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል ልቧ ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰማል። እኔ ከቀልድ የማልታረም ሰው ስለሆንኩ «አንቺ፣ እስቲ ስንት ሰዓት ሆነ?» እላታለሁ፤ እሷም ትራሷን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ «ጋሼ ሙት፣ አታስቀኝ፣ ያመኛል» ትለኛለች። ስፌቱን አየሁት፤ ከአንገቷ ሥር ቀጥ ብሎ የወረደ፣ አንድም ቦታ ያልተሸበሸበ ነው። በሠላሳ ዓመት ሙያዬ እንዲያ አድርጌ ሰፍቼ ስለማላውቅ ቀናሁ። ሐኪሞቹም ሲሸኙን ለአንድ ወር በሳምንት ሦስት ቀን ነርስ እየመጣች ቁስሉን ከፍታ እንድታይና ፋሻውን እንድትቀይር፣ ትኩሳቷን እንድትለካ፣ ለደም ማቅጠኛው መድኃኒት ደሟን እየወሰደች እንድታስመረምር በጽሑፍ አዘዙ። ይህን ቦንጋ ላይ ማን ይሠራልናል ብለን ስንጨነቅ ሰሌዳዎን አየን።

አንደኛ። ሲስተር ሳምሪን ስለ ትሕትናቸው አመሰግናለሁ። ባጃጃቸውን ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ አቁመው ይገባሉ፤ ገና «እንዴት አደራችሁ» ሳይሉ እህቴ ላቀች ወንበር ትስባለች፤ ቆጮው ይቀርባል፣ አይቡ ይቀርባል፣ ማሩ ይከተላል፤ «በሞቴ» ይባላል። ሲስተር ይቀምሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ «ሠናይትዬ ዛሬማ አምሮብሻል» ይላሉ፤ ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ይነሣሉ። እጃቸውን ከምግቡ በፊትም ከምግቡ በኋላም በደንብ ይታጠባሉ፤ ለቁስሉ የሚተርፍ ውኃ ግን አልነበረም። እውነቱን ልናገርና ጥፋቱ የእኛም ነው። እንግዳን «ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ማዘዝ በቤታችን ነውር ነው፤ እኛ ደግሞ በሩን የከፈትነው ለነርስ ሳይሆን ለእንግዳ ነበር። እርስዎ ግን የዚህ አገር ልጅ እንደ መሆንዎ ይህን ይሉኝታችንን አሳምረው ያውቁታል። ከማወቅም አልፈው የሥራ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት ይመስለኛል።

ሁለተኛ። ስለ ጎመኑ አመሰግናለሁ። ከሆስፒታል የተሰጠን ወረቀት ጎመንና እሱን የመሰለ ቅጠል ድንገት ከበዛ የደም ማቅጠኛው መድኃኒት ሥራውን ያጣልና መጠኑን ጠብቁ ይላል። ይህን ያነበብኩት በዚያ በተገነጠለው መዝገበ ቃላት ሦስት ምሽት ታግዬ ነው። የተማረ ሰው ይፍረደን ብለን ሲስተርን ስንጠይቅ «ኧረ ጎመን ደም ይሠራል፣ በደንብ ትብላ» አሉን። ጠያቂ ጎረቤት ይህንን ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ጓሮውን ነቅሎ ወደ ቤታችን አጋዘው፤ እኛም ምክርዎን አክብረን ልጅቷን ከግልገል እኩል ጎመን አበላናት። ደሟን ወስዶ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሦስተኛ። ለስልክ ክትትላችሁ ልዩ ምስጋና አለኝ። ሲስተር በቀሩ በሁለተኛው ሳምንት ከቢሮዎ አንዲት ጨዋ ድምፅ ደውላ «ቁስሉ እንዴት ነው?» አለችኝ። «አላየነውም፤ ተሸፍኗል» አልኳት። «በጣም ጥሩ፤ እንደተሸፈነ ይቆይ» አለችና ለትብብሬ አመስግናኝ ዘጋች። እኔ ኮት በስልክ ለክቼ አላውቅም። በዚህ በኩል ሥልጣኔ እንደቀደመኝ ተረድቻለሁ።

አራተኛ፣ እስክሪብቶዋ። የመጀመሪያው ቀን ሲስተር ሳምሪ ቅጹን ዘርግተው አሥራ ሁለት መስመር አሳዩኝና «ጋሽ ጉግሳ፣ በየጊዜው እንዳናስቸግርዎ አንዴ ይጨርሱት» አሉኝ። ሰው እንዲህ በትሕትና ሲለምን እምቢ ማለት አላውቅም፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ፈረምኩ። እንዲያውም ሲስተር «እንዴት ያምራል ፊርማዎ!» ስላሉኝ የመጨረሻዎቹን አራት በተለይ አስጊጬ ነው የፈረምኳቸው። ሲስተር የመጡት በጠቅላላው አራት ቀን ነው። ፋሻው የተከፈተው አንድ ቀን ነው። በሲስተርም አልፈርድም፤ በቀን አሥራ አንድ ቤት እንዲያዳርሱ እንደታዘዙ፣ ቅጹንም አስቀድመው እንዲያስፈርሙ የተነገራቸው ከእርስዎ ቢሮ እንደሆነ ባጃጅ ነጂው ነግሮኛል። እሱ በድርጅትዎ ውስጥ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ስለ በሽተኞቹ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው።

እሑድ ዕለት ሠናይትን ትኩሳት ያዛት። ስንደውል «የአየሩ ጠባይ ነው» ተባልን፤ ደግሞም ክትትሉ በእናንተ ሥር ስለሆነ ሌላ ቦታ ብንወስዳት ለሚመጣው ነገር ኃላፊነት እንደማትወስዱ ተነገረን። እኔ ወረቀትና ቢሮ የማከብር ሞኝ ነኝና ሁለት ቀን አመንኳችሁ። ማክሰኞ ራሴ ቢሮዎ መጣሁ። ክቡርነትዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ቡናም አዘዙልኝ፤ ከዚያ ያንን ቅጽ ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣትዎ ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና «ጋሽ ጉግሳ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ አይደለም እንዴ? አገልግሎቱ እኮ ተጠናቋል» አሉኝ። የኔው ነበር። አሥራ ሁለቱም ያምሩ ነበር። በዚያች ደቂቃ የእህቴን ልጅ በገዛ እጄ ፈርሜ አሳልፌ እንደሰጠኋት ገባኝ፤ ቡናዎንም ጠጥቼ፣ ከልማዴ የተነሣ አመስግኜዎ ወጣሁ። ለዚህ ምስጋናዬ እስካሁን ራሴን አልማርኩም።

አምስተኛ። ለዚህኛው ቀልድ አላገኘሁለትም። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ልብሷን ሳስተካክልላት በፋሻው ጠርዝ በኩል እርጥብ ነገር አየሁ፤ ሽታም አለው። ስፌት ሲላላ ከባለቤቱ በፊት የሚያይ ዓይን አለኝ። እህቴ የልጅቷ ደረት በባጃጅ መንገድ ሲናጥ ይከፈታል ብላ ስለፈራች፣ መኪና ያለው ሰው ለምኜ ከሰዓት በኋላ ልወስዳት ወስኛለሁ፤ መኪናው እስኪገኝ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ልቧ እንደ ወትሮው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዛሬ ግን ፈጥኗል፤ እኔም ስንት ሰዓት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ በአምስተኛው የምጠይቅዎ

በር ተንኳኳ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህን የምቀጥለው ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

በሩን ስከፍት ከዚህ ቀደም አይቻቸው የማላውቅ አንዲት ወይዘሮ ቆመዋል። ከሺሺንዳ ለገበያ መጥተው፣ የታመመች ልጅ አለች ሲባል ሰምተው ሊጠይቁ የገቡ ናቸው። እንደ አገራችን ወግ ከማያውቁት ቤት ለጥየቃ መግባት ብርቅ አይደለምና ላቀች ወንበር ሳበች። እንግዳዋ ግን አልተቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው ሽታውን ሳቡና «ምግቡን ተይው ልጄ፤ ውኃ አፍሊ፣ ሳሙና አምጪ» አሏት። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? መብራቱን ወዲህ ያዝልኝ» አሉኝ። ቀጠሉና ሠናይትን «በክንድሽ እንዳትገፊ፤ እኔ ላይ ተደገፊ» እያሉ በጀርባዋ ደግፈው አነሷት። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። እኔ አፍሬ ያልደፈርኩትን ነገር፣ ማለትም ያንን ፋሻ መክፈትን፣ በሦስት ደቂቃ ጨረሱት። አይተው ሸፈኑት። «ይህ ቤት የሚያድር ነገር አይደለም» አሉ፤ አስፋልቱ ድረስ ራሳቸው ወጥተው አንድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ቆመውበት አስቆሙ፤ ሹፌሩንም ሆስፒታሉ በር ድረስ «ቀስ! ቀስ በል ብዬሃለሁ!» ሲሉት መጡ።

ሐኪሙ መርዙ ገና ሥጋው ላይ ነው፣ ወደ ደረቷ አጥንት አልገባም ብሎናል። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ግን የሚነግረን ነገር ሌላ እንደሚሆን አልሸሸገንም። ደሟም ወፍሮ ተገኝቷል። አሁን በደም ሥሯ መድኃኒት እየገባላት ተኝታለች፤ እስከ ነገ ካልተሻላት ወደ አዲስ አበባ ትላካለች።

እንግዳዋ ወይዘሮ እትዬ የሻረግ ይባላሉ፤ በጤና ጣቢያ ለሠላሳ አንድ ዓመት ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጠው «ለመሆኑ ይህችን ልጅ ሲከታተል የቆየው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የእርስዎን ስም ነገርኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ሲያጥፉ ሲፈቱ ቆዩና «ጥሩሰው የኔ ልጅ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ልጅ ሆኖ ያጠብኩትን ፋሻ ይጠቀልልልኝ ነበር። እጁን ሳይታጠብ አላስነካውም ነበር» አሉ። ምን ስጽፍ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ጨርሰው» አሉኝ፤ ጨረስኩት።

በአምስተኛው ልጠይቅዎ የነበረውን አሁን አላስታውሰውም። በእሱ ፋንታ ይህን ልጠይቅ፤ ዛሬ በቦንጋና በአካባቢዋ በመዝገብዎ «ተጠናቀቀ» ተብለው በየቤታቸው የተኙ ስንት ሰዎች ናቸው? ስማቸውን ለዚህ ሆስፒታል ይስጡ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በምሰፋበት በረንዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከሰጡ አነሣዋለሁ፤ ካልሰጡ ዝናብ እንዳይነካው አድርጌ ዳግመኛ እለጥፈዋለሁ።

ለክቡርነትዎ የሚገባዎትን አክብሮት ለክቶ፣ ትርፍ ጨርቅ ሳያስቀር በልክዎ ቆርጦ የሰፋልዎ፣

ጉግሳ፣ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በእጃቸው የሚያደርሱልዎ እናትዎ ናቸው። ላነብላቸው ብጠይቅ እምቢ አሉኝ። «ቁስል ለማየት መነጽር አያስፈልገኝም፤ የሚያስቸግረኝ ፊደል ነው፤ እሱ ራሱ ያነብልኛል» ብለዋል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጮክ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ ያንብቡላቸው።