እፍኙ በማን እጅ ነው?

ዳባት፣ ጥቅምት ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ልጄ ፈጠነ፣

እመቤቴ ማርያም ከፊትም ከኋላም ትጠብቅህ። የሕንድ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ በቸርነቱ ደኅና ነን፤ አሁንስ ልቤ አርፏል።

ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ። ያስላክህልንን ማዳበሪያ በሐምሌ ለጓሮው ገብስ ሰጠነው። ለሁለት እርምጃ መሬት አንድ እፍኝ ብለህ ነበር። አብዛኛውን አባትህ በተነው፤ እጁ አካፋ መሆኑን ታውቃለህ። በሳምንቱ የቅጠሉ ጫፍ እሳት የነካው መሰለ። ጎረቤታችን አያ ኃይለ ማርያም «ልጅሽ መርዝ ላከብሽ» ቢሉኝ ከቤት መውጣት ፈራሁ።

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ደብዳቤህን ደግመው ሲያነቡልኝ ነው የገባኝ። ለካ የተክል ምግብም ሲበዛ እንደ ጨው ነው፤ የሥሩን ውኃ ይመጥጠዋል። ምነው ይህን ቀድመው ባነበቡልኝ ብዬ ተቆጣሁ፤ ይህንንም እየሳቁ የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ደግነቱ ዝናቡ አጠበውና ገብሱ አገገመ። እኔ በራሴ እፍኝ የሰጠሁት ጥግማ ከማዳበሪያው በፊት የነበረው ቢጫነት ለቆት ወገቤ ደረሰ፤ ዛላው ሸጋ ነው። የመጀመሪያውን እሸት ብቻዬን በልቼ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ምንም ሳልሆን ስቀር ለአባትህ ሰጠሁት። ዘንድሮ እበቱንም ሁሉ ኩበት አላደርገውም፤ ግማሹን ለመሬቱ እተዋለሁ።

የተማርከውን ለወገን የምታውልበት ዕድሜ ይስጥህ። አደራ፣ እራትህን ሳትበላ አትተኛ።

አንድ ነገር ልለምንህ። እፍኝ ያልከው በማን እጅ ነው? ስትሄድ እጅህ ከእጄ እኩል ነበር፤ አሁን አላውቀውም። መዳፍህን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረህ ላክልኝ። የእኔን በላዩ አስቀምጬ አየዋለሁ።

እናትህ ለተ ማርያም