«ይደገም» ያልኩበት ለቅሶ

ይድረስ ለአንቺ ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ ያለሽበትን የሚያውቀው የወሰደሽ ብቻ ነው። እኔ አለሁ። ከተለያየን ገብሱ ሁለቴ ታጨደ፤ ሦስተኛው ደግሞ ይኸው ከደጅ ቅጠሉን አውጥቶ ውርጩን ይጠብቃል። ስምሽን በጸሎቴ ሳልጠራ የዋልኩበት ቀን የለም። ይህን የምልሽ ልመካብሽ አይደለም። ቀጥዬ የምነግርሽ ነገር ስለሚያሳፍር አንዲት ደህና ነገር ላስቀድም ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ባለፈው ጓሳው፣ የጋራው የሣር መሬት፣ ለአጨዳ ሲከፈት ድርሻችንን ሣር አምጥተን ጣሪያውን በአዲስ ከደንነው። አንቺ «በምሥራቅ በኩል ሳሳ ብሏል» ትይው የነበረው ጠርዝ ግን አሁንም ያፈሳል፤ እኔ እንደሆንኩ ያንቺን ዓይን አላገኘሁም። ልጃችን ሙሉ ከነባሏ ከእኔ ጋር ናት። ወንድ ወልዳለች። ጥቁሯ በግሽ መንታ ጥላ አንዱን አላጠባም ብላ ረገጠችው፤ ሙሉ በጡጦ አሳደገችውና አሁን እንደ ውሻ ይከተላታል። የቀበሌው ስብሰባ በዝቷል። መሐል ሜዳ ደግሞ ሲዲ የሚሉት፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር መጥቷል። የእኛ ቴፕ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው፤ የጠለፍሽለትን ጨርቅ እንደለበሰ።

የምጽፍልሽም በዚሁ በቴፑ ጉዳይ ነው።

እነ ደምሴን ታስታውሻለሽ፤ እንዴትስ ትረሻቸዋለሽ! ደምሴ በማሲንቆው፣ ሚስቱ ውባየሁ በድምጿ፣ ወንድሙ በከበሮው። ሦስቱ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገው ተጫውተውት አያውቁም። እኛን ከሰርግ ሰርግ ቴፕ አሸክሞ ያዞረን ይኸው አይደል? አንዱ የራቤሉን ሰርግ ካሴት ያመጣል፣ አንዱ የመሐል ሜዳውን ያመጣል፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው አሰፋ ሱቅ ተሰብስበን ስንከራከር እንውላለን። «በራቤሉ ላይ ማሲንቆው ሩቅ አገር ደርሶ ነው የተመለሰው» ይላል ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሞላ። አሰፋ ደግሞ መርፌውን ሳይነቅል «ሄዶ ጠፋ በል እንጂ፣ የት ተመለሰ!» ይለዋል። ከጾም በቀር ይህን ክርክር የሚያቋርጥብን አልነበረም።

አንቺ ትስቂብን ነበር። «ሰው ሰርግ የሚሄደው ሙሽራ ሊያይ ነው። የእኔ ባል ግን የቴፑን ቀይ መብራት ሊያይ ይሄዳል» ትያለሽ። ትስቂ እንጂ መብራቱ እንዳይጠፋ የምትደክሚው አንቺው ነበርሽ። ሰርግ ሲቃረብ የቴፑን የባትሪ ድንጋዮች አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ታሰጫቸዋለሽ። ጠዋት ደግሞ አንድ በአንድ በጥርስሽ ነከስ ነከስ ታደርጊያቸዋለሽ። ያለቀለት ድንጋይ አንቺ እጅ ከገባ ቢያንስ አንድ ሰርግ ያውላል ይባልልሽ ነበር።

በካሴት ላይ ግን አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም። እኔ ጥርት ያለውን እወዳለሁ። አንቺ የምትወጂው የማሲንቆው ጭራ የተበጠሰበትን ነው። ደምሴ «እህ» ብሎ ሲስቅ፣ ውባየሁ ያለ ማሲንቆ ብቻዋን ስትቀጥል፣ አንዲት አሮጊት «አይዞሽ ልጄ» ሲሏት የሚሰማበትን። እኔ «የተበላሸ ካሴት ነው» ስልሽ፣ አንቺ «ሰው ያለበት እሱ ብቻ ነው» ትይኝ ነበር።

እኔም በየካሴቱ ላይ አለሁ። ደምሴ አንድ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳላስበው «ይደገም!» ብዬ እጮሃለሁ። ልማዴ ነው። አንቺም መቀለጃ አደረግሽኝ። ወጡን ጨልፈሽልኝ በልቼ ቀና ስል ጭልፋውን ከፍ አድርገሽ «ይደገም?» ትይኛለሽ። እንግዳ ፊት እንኳ አትምሪኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዘንድሮ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በገበያ ቀን ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪዬን ይዤ አሰፋ ሱቅ ሄድኩ። አሰፋ ክር ሊያመጣ ወጣ ብሏል። ከግሼ በኩል የመጡ ሦስት ጎረምሶች ቴፕ ከፍተው ተቀምጠዋል፤ አያውቁኝም፣ አላውቃቸውም። አክብረው ተነሡና ወንበር ሰጡኝ። የምትሰማው ውባየሁ ናት። ማሲንቆ የለም፤ ከበሮ የለም። ለቅሶ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። አንዱ ልጅ «የራቤሉ የባላባቱ ለቅሶ ይበልጣል፤ በዚህኛው ላይ ድምጿ ተሰንጥቋል» አለ። ሌላው «ተው እንጂ! እዚያ ተጠርታ የሄደች ናት። እዚህ ግን የምታውቃትን ሴት ነው የምታለቅሰው» አለው።

ከዚያ ውሻ ጮኸ። ካሴቱ ውስጥ ማለቴ ነው። ነብሮ ነበር፤ የእኛው ነብሮ። ቀጥሎ ንፋሱ በደጃችን ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁት። የሚሰሙት ያንቺን ለቅሶ ነው፣ አስኩዬ። ያን ቀን ሞላ «ለልጆችህ መታሰቢያ ይሆናል» ብሎ ቴፑን ይዞ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከእሱ እጅ ወደ ሰው እጅ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሰው እጅ ሄዷል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች እኛ በሰርጉ ካሴት እንደምናደርገው ሁሉ ለቅሶን ከለቅሶ ያወዳድራሉ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አባባ?» አለኝ አንደኛው።

«ልጄ፣ ሟቿ ሚስቴ ናት» ማለት ነበረብኝ። አፌን የከፈትኩት ለዚያ ነበር መሰለኝ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «የራቤሉ አጀማመሩ ይበልጣል። ይኼኛው ደግሞ መሐል ላይ ስትወርድ፣ እዚያ ጋ ማንም አይደርስባትም። ቴፑ ራቅ ብሎ ስለተቀዳ ነው የሳሳ የመሰላችሁ» አልኳቸው። ገበያ እንደቀረበች በግ ላቷን እየጨበጥኩ ለቅሶሽን ገመትኩት። ልጆቹም «አቤት፣ ጆሮ አለዎት!» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፣ አስካለ። ደስ አለኝ።

ወዲያው ውባየሁ ይህን ስንኝ አወረደች፦

የጓሳው ሣር እንኳ ታጭዶ ይበቅላል፣
አንቺ ሴት ምን ሆነሽ መንገዱ ርቆሻል።

ከሥሩም አንድ የወንድ ድምፅ «ይደገም!» አለ።

የእኔ ድምፅ ነው። ባንቺ ለቅሶ ላይ፣ ሬሳሽ ከቤት ሳይወጣ። እንደዚያ ማለቴን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ከሞላ ቴፕ ሌላ የማስታውሰው ጉሙንና የሙሉን እጅ ብቻ ነው።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «መጣ! ይኼ ሰውዬ ለቅሶም አይቀርበትም!» አለ አንዱ። ከሰርጉ ካሴቶች ድምፄን ያውቁታል፤ መልኬን አያውቁትም። ሌላው ዓይኑን እየጠረገ «ሟቿን አያውቃትም እኮ፤ መንገደኛ ነው። ዘመድ ቢሆን እንዲህ ይላል?» አለ።

በዚህ መሐል አሰፋ ክሩን ይዞ ገባ። ካሴቱን ሰማ፣ ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ እኔ ራሴን ነቀነቅሁለት። እንዳትናገር ማለቴ ነው። እሱም ገባው፤ ተቀመጠና የስፌት መኪናውን ያለ ጨርቅ ይረግጥ ጀመር፣ ቴፑን በጩኸት ሊሸፍንልኝ። ጴጥሮስ ሲክድ ዶሮ ጮኾለታል። ለእኔ የጮኸልኝ የአሰፋ መኪና ነው። ሱሪዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። መቋሚያቸውን ወደ ገበያው አቅጣጫ አንሥተው «እዚህ ቤተ ክርስቲያን ጥግ አልካድካትም። የካድክበት ቦታ ሂድ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ እግሬ ግን እሺ አላለም። ገበያው አለፈ፣ አልሄድኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሰፋ ራሱ ቤት ድረስ መጣ፤ ሱሪዬን ጠቅልሎ፣ ካሴቱን ኪሱ ውስጥ አድርጎ። «ይኼ ያንተ ነው። እኔ ዘንድ መቀመጥ አልነበረበትም፤ ይቅር በለኝ» አለና እህል እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። እኔና ሙሉ አውድማው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከፈትነው። ነብሮ ጮኸ። ንፋሱ አለፈ። ስንኙ መጣ፣ ያ የእኔ «ይደገም» መጣ። ሱቅ ውስጥ በሳቁና በመኪናው ጩኸት ያልሰማሁት ደግሞ ከዚያ ቀጠለ። ውባየሁ እንዳልኳት ደገመችው፤ ግን መቼ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ብላ ታውቃለች፦

የጓሳው ሣር እንኳ ታጭዶ ይበቅላል፣
ይደገም ላለው ሰው፣ ሰው የት ይደገማል።

ድምፄን አውቃዋለች። መልሱን እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት ሰጥታኛለች፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ሙሉን «ያን ቀን ሰምተሽ ነበር?» አልኳት። «አዎ አባዬ። ሁሉም ሰምቷል» አለችኝ። አገሩ ሁሉ እያወቀ አንድ ሰው እንኳ ሳያነሳብኝ ኖሯል ማለት ነው። ፊቴን አየችና ደግሞ «እኛማ እናቴን ይደገም ያልክ መስሎን ነው። ሰው ሁሉ የተንሰቀሰቀው ያን ጊዜ ነው» አለችኝ።

እንደዚያ ቢሆን ምንኛ በታደልኩ። ራሴን መረመርኩ፣ በዳዊቴም በስግደቴም መሐል መረመርኩ፣ ግን ልምልልሽ አልችልም። ምናልባት አንቺን ነበር። ምናልባትም ስንኙ ጥሩ ስለነበረ ብቻ ነው። የራሴን አፍ አውቀዋለሁ። ለሙሉ «እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት። ከዚህ የተሻለ እውነት አላገኘሁላትም።

በሚቀጥለው ገበያ ሄድኩ። ከሦስቱ ጎረምሶች አንደኛው፣ ያ «መንገደኛ ነው» ያለው፣ ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ተቀምጧል። እንዳልመለስ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነው የተናገርኩት። «ልጄ፣ ያ ይደገም የሚለው ሰውዬ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የተለቀሰላትም ሚስቴ ናት። ስትጠይቁኝ የደበቅኳችሁ አፍሬ ነው» አልኩት። ልጁ ብድግ አለ፣ ጋቢውን ከራሱ አወረደ፣ «ነፍስ ይማር አባባ፣ ነፍስ ይማር» እያለ መላልሶ ጎንበስ አለ። ምን እንደሚጨምር ጨንቆት ደግሞ «እኛ እኮ እርስዎ የሌሉበትን ካሴት የእነ ደምሴ አይደለም ብለን እንመልሳለን» አለኝ። አሰፋ መርፌውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ ሳቀ። እኔ መሳቁም ማልቀሱም አልሆነልኝም።

«ማን ይባሉ ነበር?» አለኝ ልጁ።

ካሴቱን ከኪሴ አወጣሁት። ወረቀቱ ላይ በአሰፋ ጽሕፈት «የአንዲት የመንዝ ሴት ለቅሶ» ይላል። ከአሰፋ ቢክ ተቀብዬ ሰረዝኩትና «አስካለ፣ ባለቤቴ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ቦታው ስለጠበበኝ የመጨረሻው ፊደል ከወረቀቱ ወጥቷል። ልጁ ስምሽን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ምን ዓይነት ሴት እንደነበርሽ ጠየቀኝ። ስለ ድንጋዮቹ ነገርኩት፤ ፀሐይ ላይ ስለማስጣትሽ፣ ስለ መንከስሽ። «በጥርሳቸው?» አለ። «አዎ፣ በጥርሷ። በዚህ አገር የምትከራከሩባቸው ካሴቶች አብዛኞቹ በእሷ ጥርስ የተቀዱ ናቸው» አልኩት። ይህን እንኳ አንቺ በሕይወት ሳለሽ ለማንም ተናግሬልሽ አላውቅም።

ካሴቱ አሁን ቤት ነው። ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት ሁለቱን ጥርሶቹን ሰብሬያቸዋለሁ። ጭራው ከተበጠሰበት ካሴትሽ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ያንንም ደግሜ ሰማሁት፣ እውነትሽን ነው፣ አሮጊቷ ከሁሉም ይበልጣሉ። የለቅሶሽን በየሙት ዓመትሽ እከፍተዋለሁ፤ ከራቤሉም ከሌላውም ጋር ላላስተያየው ቃሌ ነው። ነብሮ ሲጮህ፣ ጎረቤት ሲያስል፣ ሙሉ ስትጠራሽ፣ ያን ቀን ያልሰማሁትን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ለመስማት ነው የምከፍተው። የእኔ ድምፅ ጋ ስደርስም አላልፈውም።

ሙሉ ያንቺን የጭልፋ ቀልድ ወርሳለች። ትናንት ምሳ ላይ ጭልፋውን አንሥታ፣ ካሴቱን ረስታው መሰለኝ፣ «ይደገም?» አለችኝ፤ ወዲያው ደንግጣ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሳህኔን አቀረብኩላት።

አስኩዬ፣ እስክጠራ ድረስ ስምሽን ማንም ሲጠይቀኝ ቀና ብዬ እናገራለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝም።

ባልሽ