ትልቁ ሣጥን

ለልጄ ለሞገስ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል። እናትህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች።

ያኔ ተቆጥቼ ዝናብ ላይ የጣልኩብህን የጌም ኮምፒውተር ዕቃ፣ ደብተርህ ላይ የጻፍከውን እያየሁ ተክቻለሁ። ኬዝ የሚሉትን ሣጥን ግን እንደ በሬ በቁመናው መርጬ ትልቁን ገዛሁ። የደብረ ታቦሩ ባለሱቅ ኸድር «ጋሽ እሸቴ፣ ጉልበቱ ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው እኮ» ብሎ ሳቀብኝ። አዲሱን ስላልቻልኩ ያገለገለ ካርድ ከነዋስትናው ሰጠኝ፤ ዛሬ ግን የዋስትናው ጊዜ ካለፈ ቆየ። «ልግጠመው?» ቢለኝ እንቢ አልኩት፤ መግጠሙን የምትወደው አንተ ነህ።

በል፣ መድኃኔዓለም ጥላ ይሁንህ። አድራሻህ እስኪደርሰኝ ይህንንም ደብዳቤ ከበፊቶቹ ጋር ሣጥኑ ውስጥ አኖረዋለሁ። ትልቁን መግዛቴ በጀኝ፤ ገና ቦታ አለው።

አባትህ እሸቴ