ለአንድ ጠዋት ስልኩን እንዲያስቀምጡልን

ለተከበሩ ኦቦ ጣዲቻ
የከተማችን የኢንተርኔት ማዕከል ኃላፊ
ነጌሌ ቦረና

ናጋ፣ ሰላም ለአንቱ፣ ናጋ ለቤትዎ፣ ናጋ ለልጆችዎና ለከብትዎ ይሁን። ጤናዎን ልጠይቅ ነበር፣ ግን ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፣ ድምፅዎ ከቢሮዎ አልፎ ኮሪደሩ ላይ እስካለው አግዳሚ ድረስ ይሰማል፣ እኔም እዛ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እየሰማሁዎት ነው የከረምኩት፣ አልሐምዱሊላህ ደረትዎ ጤነኛ ነው።

ሀፊዛ ነኝ፣ ገበያው ጫፍ ሱቅ ያላት የፉዚያ ልጅ፣ ስኳርና ሳሙና ከእኛ ነው የሚያስወስዱት፣ ያውቁኛል። ፊት ለፊት ቆሜ ልነግርዎት ስንቴ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ፣ ይህንን ማዕከሉ በር ላይ የምለጥፈው ደፋር ሆኜ አይደለም፣ ወረቀት ሲቆጡት አያለቅስም ብዬ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ አላለፈም፣ ፊደል ከሳትኩ ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ያውቁታል ግን ሥራ ስለሚበዛብዎት ላስታውስዎት። ወንድሜ ሚክዳድ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ ወጣ፣ ታንዛኒያ ላይ ተያዘና ታሰረ። ይህንን ያወቅነው እዛ እስረኛ የሚጠይቁ አንዲት ሴትዮ ለማዕከላችን ኢሜል ስለጻፉ ነው። ሁለት የነጌሌ ልጆች አንድ ላይ ታመው ተኝተዋል አሉ፣ የማዕከሉ አድራሻና የእናቴ ስም ያለበት ብጣሽ ወረቀት ሁለቱ በጋራ ከያዙት ሻንጣ ተገኘ፣ ስማቸውን ሲጠየቁ ደላላው ያስጠናቸውን የውሸት ስም ነው የሰጡት፣ አሁን ደግሞ ትኩሳቱ አፋቸውን ያዘው፣ የእናንተ የትኛው እንደሆነ እንድንለይ ፎቶ ላኩ፣ ማንነቱ ከታወቀ አስወጥተን ሐኪም ቤት እናስገባዋለን አሉ። ይኸው ነው። አንድ ፎቶ።

አንደኛ፣ ስለ ዲሹ አመሰግናለሁ። ጣሪያው ላይ ሲሰቀል ሰንጋ ታርዶ፣ አንቱም ንግግር አድርገው፣ ከእንግዲህ ነጌሌ ከዓለም ጋር ትነጋገራለች ብለው አስጨብጭበውናል፣ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤአለሁ። ብቻ የማዕከሉ ሠራተኛ በፍቃዱ በኋላ ሲያስረዳኝ ዲሹ ጆሮ ነው እንጂ አፍ የለውም፣ ከእኛ የሚሄደው ሁሉ በስልክ መስመር ነው የሚወጣው፣ የሚመጣው ነው በዲሽ የሚወርደው። ይህንን የዛን ቀን ከሰንጋው ጋር ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥገናው አመሰግናለሁ። ፎቶው እምቢ ሲል በፍቃዱ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፣ ቀጥሎ ደመና ነው አለ፣ ደመናው ሲሄድ ጣሪያ ወጥቶ ዲሹን አዞረው፣ ሲያዞረው ጭራሽ የሚመጣውም ቀረ፣ ከዛ መልሶ እስኪያገኘው ሌላ ጊዜ ሄደ። ከዛ ደግሞ ኮምፒውተሩ መልሱን በስልኩ በኩል እየጠበቀ መልሱ ለካ በዲሹ ነው የሚመጣው፣ እንግዳ በጓሮ እየገባ እኛ ዋናው በር ላይ ቆመን እንደማለት ነው፣ እሱን አስተካከለና የጽሑፍ መልእክት መሄድ ጀመረ፣ ስሙን የአባቱን ስም ሁሉንም ላክን። ፎቶ ግን ከባድ ነው፣ ለመሄድ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ መሀል ላይ ይቋረጥና እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አንዴ ግማሹ ሄዷል ሲለኝ የሚክዳድ ግንባርና ዓይኑ ታንዛኒያ ደርሶ አፉ እዚህ የቀረ መስሎኝ አለቀስኩ።

የሚያቋርጠውም ተገኘ። የአንቱ ቢሮ ስልክና የኮምፒውተሩ መስመር አንድ ናቸው፣ አንቱ ስልክ ሲያነሱ ፎቶው ይቆማል። በፍቃዱ እየፈራ መጥቶ ነገረዎት። አንቱም ኢንተርኔት ማለት ዲሹ ነው፣ ስልክ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ብለው፣ ዲሹን አሳጠቡት፣ ነጭ ቀለም አስቀቡት፣ ዙሪያውን ሽቦ አሳጠሩለት። ቀለሙ ያምራል። ከሩቅ መስጊድ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰላምታዎ። እኛ አገር ሰላምታ የሚያቋርጥ ሰው ሰው አላሳደገውም ይባላል፣ እናቴም እንደዛ ነው ያሳደገችኝ፣ ስለዚህ አንኳኩቼ አላቋረጥኩዎትም። ከዱብሉቅ ይደወላል፣ ከወደራ ይደወላል፣ ከክብረ መንግሥት ይደወላል፣ አንቱም አንዱንም ሳያስቀሩ፣ «አካም? ናጋ? ላሞቹስ ናጋ? ጥጃዎቹስ? የኤላው ጉድጓድ ውሃ አለው? ዝናቡ ጣለ?» ይላሉ፣ የወዲያኛውም ሰው በተራው የአንቱን ላም በላም ይጠይቃል፣ አንቱም ላም በላም ይመልሳሉ። የማላውቀው ሰውዬ ግመል እግሯ እንደዳነ እኔ አግዳሚው ላይ ሰምቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል፣ ወንድሜ ግን አልሄደም። ሰላምታው አልቆ ስልኩ ሲቀመጥ በፍቃዱ እንደገና ይጀምራል፣ ሲጋመስ ሌላ ይደወላል። አንቱ ሲወጡ ደግሞ ማዕከሉ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከአንቱ ጋር ነው። ፎቶውን በፖስታም ልከነዋል፣ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፣ መልስ መጣ። በዲሹ ወረደ፣ ምንም ሳይቸገር ጥርት ብሎ ወረደ፣ ጆሮው በጣም ጥሩ ነው። ሴትዮዋ እንዲህ ብለው ጻፉ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ሞቷል፣ ቀብረነዋል፣ አንዱ አለ ግን እስካሁን አይናገርም፣ እባካችሁ ፎቶውን ላኩ።

በፍቃዱ ሲያነብልኝ ቆሜ ነበር፣ ከዛ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ለእናቴ ስነግራት አላለቀሰችም። ነጠላዋን ይዛ ቆመችና «ሀፊዛ፣ ላልቅስለት ነው ወይስ ዱዓ ላድርግለት? አንዱን ንገሪኝ» አለችኝ። ምን ልበላት ኦቦ ጣዲቻ? አንቱ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አገር የሚያስታርቁ ነዎት፣ እስቲ አንቱ ይመልሱላት። አሁን ሱቅ የሚገባው ሰው ምን እንደሚላት ጨንቆት ስኳሩን ይዞ አቀርቅሮ ይወጣል። እሷ ማታ የእሱን ምንጣፍ ታነጥፋለች፣ ጠዋት ትጠቀልላለች፣ አታለቅስም፣ ካለቀስኩ የገደልኩት እኔ እሆናለሁ ትላለች።

የዛኛው ልጅ እናትም አለች። እዚሁ ነጌሌ ትሁን ወይ ወጣ ብሎ አላውቅም፣ ልጇ መታመሙንም አታውቅም፣ ምናልባት ዘመድ ናትና ደውላልዎት ከአንቱ ጋር ላም በላም ሰላም እየተባባለች ይሆናል። እኔ የእኔ ወንድም ይዳን ብዬ ዱዓ ሳደርግ የእሷ ይሙት ማለቴ እንደሆነ ትናንት ገባኝና መሀል ላይ አቆምኩት። ፎቶው ካልሄደ ዱዓም አይቻልም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። አንድ ጠዋት። ቢሮዎን አይልቀቁ፣ ወንበርዎም የአንቱ ነው፣ ስልኩን ብቻ አያንሱት። ቢጮህም ይጩህ። የደወለ ሰው ነገ ይደውላል፣ ላሞቹም እስከ ነገ ደህና ይሆናሉ ኢንሻአላህ።

ተቆጥተው ሱቃችን እንዳይዘጋ፣ በፍቃዱም በእኔ ምክንያት ከሥራው እንዳይነሳ እየፈራሁ፣ የድምፅዎን ጥንካሬ፣ የዲሹን ንጣትና የትዕግስትዎን ርዝመት እያመሰገንኩ፣ አላህ ዕድሜዎን እንደ ሰላምታዎ እንዲያስረዝመው እየለመንኩ፣ ሁልጊዜ ከአግዳሚው የማልጠፋው ታዛዥዎ

ሀፊዛ

ከፈረምኩ በኋላ የሰማሁት፦ ለቤታችን የልቅሶ ድንኳንና ወንበር እንዲሰጥ አዝዘዋል አሉኝ፣ የላኳቸው ልጆችም ጭነው መጥተው ነበር፣ እናቴ ስታየው በሩ ላይ ተቀመጠች። ደግነትዎን አልረሳውም፣ ግን መልሼዋለሁ። አጥፈው ያቆዩልን። ፎቶው ሄዶ መልሱ ሲመጣ ድንኳኑን እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ወይም የዛኛውን ልጅ እናት ክንዷን ደግፌ አመጣልዎታለሁ።